ሳይቃጠል በቅጠል፦ ቶንሲሉ የወጣለት ሕፃን ሕመምና የእኛ ድርሻ

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኢቃማ አይደለም። ስለ አንድ ሌሊት ነው።

ከመካከላችን በጅዳ የምትሠራ አንዲት እህት የአምስት ዓመት ልጅ ትጠብቃለች። ልጁ ቶንሲሉ ወጥቶ ከሆስፒታል በተመለሰ ዕለት ቤቱ በእንግዳና በስጦታ ተሞልቶ ነበር። አይስክሬሙም፣ ፊኛውም፣ አሻንጉሊቱም ሞልቷል። በሁለተኛው ቀን ልጁ መሳቅ ጀመረ። «ዳነ» ተባለና የመድኃኒቱ ጠርሙስ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ። እንግዳው ሁሉ ሄደ፤ እናትና አባትም ወደየሥራቸው ተመለሱ። በአራተኛው ሌሊት ግን ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶት፣ ትራሱን አርሶ፣ ጆሮውን በእጁ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ እንባው ሲወርድ አገኘችው። እናቱን መቀስቀስ ፈራች። ጠርሙሱን አውጥታ በራሷ መስጠትም ፈራች። እስኪነጋ ድረስ ጭኗ ላይ አስተኝታው ተቀመጠች። ጠዋት ሐኪሙ በስልክ ሲጠየቅ፣ «በዚህ ቀን እንዲህ መሆኑ የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱ ለምን ተቋረጠ?» አለ።

የታወቀ ነገር ነበር። ለእርሷ ግን ማንም አልነገራትም።

የዛሬው ሐሳባችን ከዚህ ይነሣል። ሌሊቱን ከሕፃኑ ጋር የምታድር ሴት ሐኪሙ ለእናትየው የነገረውን እርሷም ማወቅ አለባት። ካልተነገራትም ልትጠይቅ ይገባታል። ይህ ከሥራ ድርሻ ማለፍ ወይም በሰው ቤት ጉዳይ መግባት አይደለም። ለልጁም ለራሷም የሚጠቅም ጥንቃቄ ነው።

«ለውዝ» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

በጅዳም ሆነ በመካ ቤተሰቡ ይህን ቀዶ ሕክምና «ዐመሊየት አል-ለውዝ» ይለዋል። አዲስ የመጣች እህት ይህን ስትሰማ ልጁን የለውዝ ፍሬ አንቆት የወጣለት ሊመስላት ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው። በዐረብኛ ለውዝ የሚባለው እኛ አልመንድ የምንለው ፍሬ ሲሆን፣ ቶንሲል ቅርጹ ያንን ስለሚመስል ስሙን ከዚያ ወሰደ።

ቶንሲል በጉሮሮ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት እብጠት መሳይ ሥጋዎች ናቸው። የሚወጡት ብዙውን ጊዜ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ልጁ በየጊዜው እየታመመ በትኩሳትና በጉሮሮ ቁስል ሲቸገር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቶንሲሉ ከማደጉ የተነሣ ልጁ በእንቅልፍ ላይ ሲያንኮራፋና ትንፋሹ ለአፍታ ቀጥ ሲል ነው። ብዙ ጊዜ ከአፍንጫ በስተጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋም አብሮ ይወጣል።

ልብ በሉ። ቶንሲሉ የወጣበት ቦታ ብዙውን ጊዜ እንደ ሌላ ቀዶ ሕክምና አይሰፋም፤ በራሱ እንዲድን ክፍቱን ይተዋል። ስለዚህ ልጁ በዋጠ ቁጥር፣ በተናገረ ቁጥር፣ ባለቀሰ ቁጥር ያ ቁስል ይንቀሳቀሳል። እጃችን ላይ ቆዳው የተላጠ ቁስል ቢኖረን በቀን ስንት ጊዜ ልንነካው እንፈቅዳለን? ሕፃኑ ግን ምራቁን በዋጠ ቁጥር ይነካዋል።

እኛ ያደግንበትን ሕመም እናስታውስ

ብዙዎቻችን ያደግነው ሕመም መቻል እንደ ጨዋነት በሚቆጠርበት አገር ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»፣ «ልጅ ነው ይረሳዋል» ሲባል ሰምተናል። በየመንደሩ እንጥል የሚቆርጡ፣ ግግ የሚነቅሉ፣ የታመመ ቶንሲል በጥፍር የሚቧጥጡ ሰዎች ነበሩ። ያለ ማደንዘዣ፣ ባልተቀቀለ ምላጭ ወይም ባልታጠበ ጣት ይሠሩት ነበር። ከእኛ መካከል ይህ የደረሰባት አለች። እናቷ ጨክና ሳይሆን ያሽለዋል ብላ ነው ያደረገችው። ዛሬ በሐኪሞችም በሕግም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ተብሎ ይታወቃል። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሕፃናትን ለጉዳት የሚዳርግን ሰው ይቀጣል።

ይህን የምናነሣው ወገኖቻችንን ለማሳፈር አይደለም። ያ አስተዳደግ በውስጣችን ያስቀረው ነገር ስላለ ነው። አንዳንዶቻችን የሰው ልጅ ሲያለቅስ ስናይ በልባችን፣ «ይህ የሞላለት ልጅ ተሞላቆ ነው፤ እኛ ከዚህ የባሰውን ችለን የለም ወይ?» እንላለን። እውነቱን እንናገር፤ ብለናል። ነገር ግን እኛ ሕመሙን የቻልነው ስላልጎዳን ሳይሆን የሚያስታግስልን ሰው ስላልነበረ ነው። የእኛ አለመታከም ለሌላው ሕፃን ሕመም መለኪያ ሊሆን አይገባም።

በሌላም በኩል «ማስታገሻ ሲበዛ ይለመዳል» የሚሉ አሠሪዎችም እህቶችም አሉ። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ግን ሱስ የሚያስይዙ መድኃኒቶች አይደሉም። አደጋቸው ከመጠን ሲያልፉ ነው። መፍትሔውም መጠኑን ማወቅ እንጂ ልጁን ያለ መድኃኒት መተው አይደለም።

ሕመሙ እንዴት ይመጣል፣ እንዴት ይሄዳል?

ሕመሙ ከ7 እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። በየቀኑ እየቀነሰ አይሄድም። በመጀመሪያው ቀን የማደንዘዣውና በሆስፒታል የተሰጠው መድኃኒት ኃይል ስላለ ልጁ ደኅና ይመስላል። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ደግሞ ሊብስ ይችላል። ያቺ እህታችን በአራተኛው ሌሊት ያየችው ይህንኑ ነው።

የሚያስደነግጡ ግን ብዙውን ጊዜ ክፉ ያልሆኑ ምልክቶችም አሉ። በጉሮሮው ውስጥ ቶንሲሉ በነበረበት ቦታ ነጭ ወይም ቢጫ ሽፋን ይታያል። መግል አይደለም፤ የቁስሉ ቅርፊት ነው። አፉ ይሸታል፤ ይህም ከቁስሉ ነው። ጆሮውን ያመዋል፤ ጆሮና ጉሮሮ በነርቭ ስለሚገናኙ ሕመሙ ወደ ጆሮ ይሄዳል እንጂ ብዙ ጊዜ የጆሮ በሽታ አይደለም። ድምፁም ለጥቂት ጊዜ ሊለወጥ ይችላል።

ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ያልታመመ እንዳይመስለን። ትንሽ ልጅ «አመመኝ» ብሎ ላይናገር ይችላል። ሕመሙን የምናውቀው በሁኔታው ነው፦ ምራቁን ከመዋጥ ይልቅ ያዝረከርካል፣ የሚወደውን መጠጥ ይገፋል፣ ፊቱን ይቋጥራል፣ አይጫወትም፣ መነካት ይጠላል፣ እንቅልፉ ይቆራረጣል። ከፍ ላለ ልጅ ደግሞ ከሳቅ እስከ ልቅሶ የሚሄዱ ፊቶች በወረቀት ሥሎ «አንተ የትኛው ነህ?» ማለት ይቻላል። ሆስፒታሎችም በዚህ ዘዴ ይጠቀማሉ። ዐረብኛችን ቢያጥረን እንኳ ሥዕል እንሥላለን።

ሳይቃጠል በቅጠል

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ጉዳይ በትክክል ይሠራል። የማስታገሻ መድኃኒት ሕመሙ ካየለ በኋላ ሲሰጥ እስኪሠራ ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ልጁ በሕመም ብዛት መድኃኒቱንም አልውጥም ይላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጁ እስኪያለቅስ ሳይጠበቅ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት መስጠት ይሻላል። ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቢሰጥ ደግሞ ለመብላትና ለመጠጣት ይቀለዋል።

ብዙውን ጊዜ የሚታዘዙት ሁለት ናቸው። አንዱ ፓራሲታሞል ነው፤ በሳውዲ ፋርማሲዎች ፓናዶል፣ ፌቫዶል ወይም አዶል በሚባሉ ስሞች ይሸጣል። ሌላው አይቡፕሮፌን ነው፤ ብሩፌን በሚለው ስም እናውቀዋለን። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባሻሻለው መመሪያው ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጆች የሚመክረው እነዚህን ሁለቱን፣ አንዱን ወይም ሁለቱን አጣምሮ መስጠትን ነው። የትኛው፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት የሚለውን የሚወስነው ግን ልጁን ያከመው ሐኪም ነው። አስፕሪን ግን ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም፤ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ በልጆችም ላይ ሌላ ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ እህቶቻችን ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የሳውዲና የኢትዮጵያ ሰዓት አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን ይለያል። ማዳም «ስምንት ሰዓት ላይ ስጪው» ስትል እኛ ሁለት ሰዓት የምንለውን ማለቷ ነው። እኛ በለመድነው ቆጥረን በእኛ ስምንት ሰዓት ብንሰጥ ስድስት ሰዓት እናዛባለን። ፓራሲታሞልም ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው በየስድስት ሰዓቱ ነው። ስለዚህ አንድ ስህተት ልጁን አንድ ጊዜ ሙሉ ያለ መድኃኒት ያስቀረዋል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ያስወስደዋል። ሁልጊዜ በስልኩ ላይ የሚታየውን ቁጥር እንጻፍ፤ በቃል አንስማማ።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። የሻይ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ አንዱ ትልቅ ሌላው ትንሽ ነው። ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ እንጠቀም። ሽሮፑም በውፍረቱ ይለያያል። ለምሳሌ ለ20 ኪሎ ልጅ ሐኪሙ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ቢያዝ 300 ሚሊ ግራም ይሆናል። በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ካለው ሽሮፕ ይህ 6 ሚሊ ሊትር ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ብቻ ካለው ግን 12 ሚሊ ሊትር ተኩል ነው። ጠርሙሱ አልቆ ሌላ ሲገዛ «እንደ በፊቱ ነው» ብሎ መስጠት አደጋው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር «ከም ሚሊ?» ብለን እንጠይቅ።

ሦስተኛው ድርብ መስጠት ነው። ፓራሲታሞል በብዙ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም አለ። በመቀመጫ የሚገባውም ያው ፓራሲታሞል ነው። አያት በአፍ ሰጥተው፣ እናት በመቀመጫ አስገብተው፣ ሠራተኛዋ ደግሞ በሰዓቱ ብትሰጥ ሦስቱም ለደግ አስበው የልጁን ጉበት ይጎዳሉ። ለዚህ መድኃኒቱ አጠገብ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሰጠው ሰው። ማንም የሰጠ ይጽፋል።

የእኛንም የእነርሱንም ልጆች የሚመለከት ማስጠንቀቂያ

ኮዴይን የሚባል የሕመም ማስታገሻ አለ። ለብዙ ዓመታት ለሕፃናትም ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ከካናዳ በቀረበ የሐኪሞች ዘገባ አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ቶንሲሉ ከወጣ በኋላ የታዘዘለትን ኮዴይን ወስዶ ቤቱ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ወላጆቹ አላጠፉም፤ የታዘዘውን ነው የሰጡት። ነገሩ ሲመረመር ምክንያቱ በልጁ ደም ውስጥ ተገኘ።

ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ጉበት ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥራ የሚሠራው ዘረ መል በትውልድ ተደራርቦ ስላላቸው ጉበታቸው ኮዴይኑን እጅግ ፈጥኖ ይለውጠዋል። ያን ጊዜ ትንሹ መጠን ትልቅ ይሆናል። ልጁ ከባድ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ትንፋሹ ይዘገያል፣ ይቆማልም።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በብዛት የሚገኙት የት ነው? በሰሜን አውሮፓ ከ100 ሰው አንድ ወይም ሁለት ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ግን ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በስዊድን ሆነው ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህ የተደራረበ ዘረ መል ተገኝቶባቸዋል። በዓመቱ በሳውዲ ዐረቦች ላይ የወጣ ጥናትም ከ100 ሰዎች 20 ያህሉ እንዲሁ መሆናቸውን አሳየ። ስለዚህ በአንድ የጅዳ ቤት ውስጥ ያለው ሕፃንና በወሎ ወይም በጅማ ያለው የሠራተኛዋ ልጅ በዚህ ነገር ይመሳሰላሉ። ቋንቋና ፓስፖርት ቢለያያቸውም አደጋው አንድ ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ቶንሲል ከወጣ በኋላ ኮዴይን ለልጆች እንዳይሰጥ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ኮዴይንም ትራማዶልም ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ሁሉ እንዳይሰጡ፣ ትራማዶልም ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከ18 ዓመት በታች ላሉት እንዳይሰጥ ከለከለ። ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ለአዋቂ የታዘዘ፣ ከመሳቢያ የተገኘ፣ ከአገር ቤት የመጣ የሕመም መድኃኒት ለሕፃን አይሰጥም ማለት ነው። ትራማዶል በሳውዲ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ስለሆነ፣ እህቶች፣ ለራሳችሁም ቢሆን ከአገር ቤት አታስልኩ፤ የሰው አደራም አትቀበሉ።

አገር ቤት ልጅ ያላችሁም ይህን በስልክ ንገሩ። ለልጃችሁ ቀዶ ሕክምና ገንዘብ ስትልኩ «ምን መድኃኒት ታዘዘለት?» ብላችሁ ጠይቁ። አያት በፍቅር ብዛት ከጎረቤት ያገኙትን ክኒን እንዳይሰጡት አስጠንቅቁ።

ውሃ ከምግብ ይቀድማል

ልጁ ለጥቂት ቀን ምግብ ቢቀንስ አይጎዳም። ውሃ ካልጠጣ ግን፣ ያውም በጅዳ ሙቀት፣ ቶሎ ይደርቃል። የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ የበለጠ ያማል፤ ስለሚያምም አይጠጣም፤ ስለማይጠጣ ይብስበታል። ይህን ክበብ የሚሰብረው በሰዓቱ የተሰጠ ማስታገሻና ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ የሚቀርብ ቀዝቃዛ መጠጥ ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ አቅርቦ «ጠጣ» ከማለት በየአሥር ደቂቃው አንድ ሁለት ጉንጭ ማቅረብ ይሻላል። ውሃ፣ የፖም ጭማቂ፣ በረዶ፣ አይስክሬም፣ እርጎ፣ የቀዘቀዘ ሾርባ ሁሉ ይሆናል። በመካ ያሉ ቤተሰቦች ዘምዘም ያጠጡታል፤ ልጁ በደስታ የሚጠጣው ከሆነ እሰየው።

ብርቱካንና ሎሚ ያቃጥላሉ። ትኩስ ሻይ፣ በርበሬ ያለበት ምግብ፣ ቺፕስና የደረቀ ዳቦ ለጊዜው ይቆዩ። እንደ ቪምቶ ያሉ ቀይ መጠጦችም ይቅሩ፤ ቢያስመልሰው ደም ይሁን መጠጥ መለየት ያስቸግራል። ከእኛም ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ «ያድነዋል» ብለን በራሳችን አንሞክር። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሽንት ካልሸና፣ ከንፈሩ ከደረቀ፣ ሲያለቅስ እንባ ካጣ ነገ ሳይባል ሐኪም ይይ።

ደም፣ የአምስተኛው ቀንና የመካ መንገድ

ቅርፊቱ የሚላቀቀው ከአምስተኛው እስከ አሥረኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በጥቂት ልጆች ላይ ያን ጊዜ ቁስሉ ሊደማ ይችላል። ቀን ቢሆን ይታያል። ሌሊት ግን ልጁ ተኝቶ ደሙን ሊውጠው ይችላል። ተኝቶ ሳለ ደጋግሞ የሚውጥ ልጅ ካያችሁ ቀስቅሱትና አፉን በብርሃን እዩ። ትኩስ ቀይ ደም፣ የረጋ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ትውከት ካለ የሚጠበቅ ነገር የለም። ልጁን ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ወደ ፊት አዘንብሎ ደሙን እንዲተፋ ማድረግ፣ ወዲያውም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ደም በዐረብኛም ደም ነው። «ማዳም፣ ደም! ሙስተሽፋ!» ለማለት ሰዋስው አያስፈልግም። ጅዳን ጨምሮ በመካ ክልል የድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ነው፤ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። የሳውዲ ጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ ደግሞ 937 ነው። ልጁን መቀስቀስ ካቃታችሁ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረም እንዲሁ።

ይህን ያህል የምናስጨንቃችሁ በአንድ ምክንያት ነው። ብዙ የጅዳ ቤተሰብ ቅዳሜና እሁድ በሚያርፈው ሰው ፈንታ ሐሙስ ማታ ጓዙን ይዞ አርብን መካ አያት ቤት ይውላል። ርቀቱ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ በረመዳንና በሐጅ ሰሞን ግን መንገዱ በሰው ብዛት ይጨናነቃል። ልጁ «ዳነ» ተብሎ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይወሰዳል። ሙስሊም ያልሆነች ሠራተኛ ወደ መካ መግባት ስለማይፈቀድላት ጅዳ ትቀራለች። ስንት ሰዓት ላይ ምን እንደወሰደ፣ ሌሊት እንዴት እንዳደረ የምታውቀው ግን እርሷ ነች። እውቀቷ ከእርሷ ጋር ቤት ይቀራል። በመካ ደግሞ በአያት ቤት የምትሠራ ሌላ ኢትዮጵያዊት እህት፣ ሙስሊም እህታችን፣ ምንም ሳይነገራት ልጁን ትረከባለች።

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይባላል። ያቺ ወረቀት ከልጁ ቦርሳ ጋር ትሂድ። ቢቻል ለመካዋ እህት በስልክ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ እንንገራት። ከቤተሰቡ ጋር መነጋገር የምንችል ከሆነም፣ «ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ከሆስፒታል እንዳይርቅ ብሎ ይሆን?» ብለን በትሕትና እናስታውስ።

«እኛ ምን አገባን?» ለሚሉ እህቶች

ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት ለአንዳንድ እህቶች አነበብንላቸው። አንዲቱ እንዲህ አለችን፦ «ሕክምና የእናቱ ሥራ ነው። እኔ መድኃኒት ሰጥቼ ልጁ አንድ ነገር ቢሆን የምታሰረው እኔ ነኝ። ባልነካው ይሻለኛል።»

ይህች እህት አልተሳሳተችም። ፍርሃቷ ከብዙ ነገር የመጣ ነው። በባዕድ አገር፣ ቋንቋው በማይገባን ቦታ፣ ጥፋቱ የማንም ቢሆን ጣት ወደ ሠራተኛዋ ሊቀሰር እንደሚችል እናውቃለን። ስለዚህ እኛም በራሳችሁ ፈቃድ መድኃኒት ስጡ አንልም። የመስጠት ውሳኔ የወላጅና የሐኪም ነው።

ነገር ግን አለመንካት ብቻውን አያድናትም። ልጁ ሌሊት ቢደማ ከጎኑ የምትገኘው እርሷ ነች። «ለምን አላየሽም?» መባሏ አይቀርም። ኃላፊነቱ ሳይነገራት ተጭኖባታል። ታዲያ ኃላፊነቱ ካልቀረ እውቀቱ ለምን ይቀርባታል? እኛ የምንለው ይህን ነው፦ እናትየው መድኃኒቱን ራሷ ለክታ ታስቀምጥ፤ ወረቀቱን ራሷ ትጻፍ፤ «ሌሊት ይህን ካየሁ ልቀስቅስሽ?» ለሚለው ጥያቄ አስቀድማ «አዎ» ትበል። ይህ ቀን በሰላሙ ሰዓት የሚደረግ ስምምነት ነው። ያን ስምምነት ያገኘች ሠራተኛ በአራተኛው ሌሊት በር ለማንኳኳት አትፈራም።

ስንናገርም ያየነውን እንናገር። «አሞታል መሰለኝ» ብንል «አንቺ ሐኪም ነሽ?» ሊሉን ይችላሉ። «ከመግሪብ ጀምሮ ምንም አልዋጠም፤ ሁለት ጊዜ ጆሮውን ይዞ አለቀሰ፤ ሽንት አልሸናም» ብንል ግን ይህ ምስክርነት ነው፤ ሐኪምም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ለአሠሪዎችም ቃል አለን፤ ዐረብኛ የምታነብቡ እህቶች ብትነግሩልን ደስ ይለናል። ልጃችሁን ከሆስፒታል ስትወስዱ ሠራተኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ነርሷ ስታስረዳ እርሷም ትስማ። ልጁን አምስት ሌሊት ያለ እንቅልፍ የምትጠብቅ ሰው በቀን ደግሞ እንደ ወትሮው አሥራ ስምንት ሰዓት ብትሠራ በስድስተኛው ሌሊት ደሙን አታይም፤ ትተኛለች። ሥጋ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብም የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥና በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር ይደነግጋል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሌሊቱን ተከፋፈሉ፤ መስኮቱ ሳይወለወል ቢቀር ምንም አይደለም።

የማጠቃለያ ቃል

እህቶቻችን፣ የምንጠብቃቸው ልጆች የእኛ አይደሉም። የወለድናቸውን ትተን የሌላውን ልጅ ሌሊት ማቀፍ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን፤ ማንም ሊያስረዳን አይችልም። ሆኖም ሕመም ላይ ያለ ሕፃን የማንም ቢሆን ሕፃን ነው። እርሱ በዚያ ሰዓት የሚያውቀው እጃችንን ብቻ ነው።

ያቺ የጅዳዋ እህታችን ከዚያ ሌሊት በኋላ ምን እንዳደረገች እንንገራችሁና እንጨርስ። ጠዋት እናትየው ደንግጣ ስትመጣ አልተከራከረችም። ከልጁ ደብተር አንድ ገጽ ቀድዳ በቁጥር ሰዓቶቹን ጻፈችና፣ «ማዳም፣ እዚህ ላይ ጻፊልኝ» አለቻት። እናትየው ጻፈች። በስተግርጌም ሳትጠየቅ የራሷን የስልክ ቁጥር አከለችና «በማንኛውም ሰዓት» ብላ ጻፈችበት። ልጁ በአሥረኛው ቀን እየሮጠ ነበር። ወረቀቱ ግን እስካሁን በኩሽናው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አለ።

ቸር ይግጠመን።